ጥጃው ከበሬው የበለጠ ዕለት

ባለፈው ሰኔ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። ርክክቡ ብዙ አልፈጀም። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ኮምፒውተሮች ለየብቻ መዝግቦ አስፈረመኝ፤ እኔም ፈርሜ ወጣሁ። የጡረታዬን ጉዳይ ለመጨረስ የተመላለስኩት ከዚያ ይበልጣል፤ እሱን ግን ያልተመላለሰበት ሰው ስለሌለ አላወራውም።

ምን ስታስተምሪ ኖርሽ ሲሉኝ ኮምፒውተር እላለሁ። በትክክል ልናገር ካልኩ ግን ከማስተማር ዘመኔ ብዙውን የወሰደብኝ አንድ ትንሽ ርዕስ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምሩ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጥ፣ አብዛኛው አስተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሶት የሚያልፈው ርዕስ ነው፤ ጽሑፍ የሆነውን ወደ ቁጥር፣ ቁጥር የሆነውን ወደ ጽሑፍ መለወጥ። እኔ ግን ቶሎ ማለፍ አልቻልኩም። ምክንያቱን ለመናገር ከታይፕ መጀመር አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ወላይታ ውስጥ፣ ጉኑኖ በምትባል ከተማ፣ በታይፒስትነት ነው። አለቃዬ አቶ ጦና የሚባሉ፣ ኅዳጉን በማስመሪያ ለክተው የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። ማስመሪያው ከኪሳቸው አይጠፋም። መሥሪያ ቤቱ ሁለት የጽሕፈት መኪና ነበረው፤ አንዱ የአማርኛ፣ አንዱ የእንግሊዝኛ። የእንግሊዝኛው የአንድ ቁጥር ቁልፍ አልነበረውም። ተሰብሮ ወይም ወልቆ አይደለም፤ ሲሠራም አልተደረገለትም። አንድ ለመጻፍ ትንሹን ኤል እንመታለን። ዜሮውም ደክሞ ስለነበር ትልቁን ኦ ለመድኩ። ወረቀቱ ላይ ልዩነቱን የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ጦና ራሳቸው፣ "ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ ነው፣ ክብ ከሆነ ዜሮ ነው" ይሉ ነበር፤ ለወረቀት እውነታቸውን ነው።

ከጉኑኖ ባለቤቴ ሲዛወር ተከትዬ ቦምቤ ሄድኩ። እዚያ የሠራሁት ያንኑ ነው፤ ብዙ ትዝታ የለኝም። መብራት ቢጠፋም የጽሕፈት መኪና ስለማይቆም ሥራ እንዳልቀረ አስታውሳለሁ። በኋላ ሶዶ አንድ ኮሌጅ የታይፕ አስተማሪ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ጥቂት ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና የታይፕ ክፍሉ ተዘጋ። መኪናዎቹ መጋዘን ገቡ፤ እኛ ደግሞ ወይ ቢሮ መሸጋገር ወይ እንደገና መማር አለባችሁ ተባልን። እኔ መማሩን መረጥኩ። ደፋር ስለሆንኩ አልነበረም፤ ቢሮ ስለሰለቸኝ ነው።

ያስተማሩኝ አቶ ነስሩ ይባላሉ። የጅማ ሰው ናቸው፤ ከብዙ ቦታ ተዛውረው በመጨረሻ ሶዶ የደረሱ። ቀጭን፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ሁልጊዜ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚቆሙ። ይህ አቋቋማቸው ልማድ ብቻ አልነበረም። የተማሪ ኪቦርድ ላለመንካት የወሰኑት ውሳኔ ነበር። "አንዴ ከነካሁ እኔ ጻፍኩ ማለት ነው፤ እሱ ምንም አልተማረም" ይሉ ነበር።

መጀመሪያ የተገናኘነው በኔ ጥፋት ሳይሆን በጣቶቼ ነው ብል ይሻላል። የምርጥ ዘር ሥርጭት ሠንጠረዥ በኮምፒውተር እንድጽፍ ተሰጥቶኝ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ድምሩን ማሽኑ ይደምረው ብዬ ባዘው ያወጣው ከትክክለኛው ድምር ግማሽ በታች ነው። ሦስት ሰው መጥቶ አየው። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። አቶ ነስሩ መጡና ከኋላዬ ቆመው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ድምፅ እያወጡ አነበቡት።

"አበበች፣ እስቲ አንድ ጻፊልኝ።"

ጻፍኩ።

"ይኼ አንድ አይደለም። ኤል ነው።"

"ያው ነው እኮ።"

"ለዓይን ያው ነው። እሱ ግን ዓይን የለውም።"

ቀጥለው ዜሮዬን አዩ፤ ፊደል ኦ ነበር። ማሽኑ ከኩንታሎቹ መካከል ቁጥር መሆናቸውን ያወቀውን ብቻ ደምሮ፣ ፊደል የገባባቸውን እንደ ሰው ስም ቆጥሮ ዘሏቸዋል። ስሕተት ነው ብሎ እንኳ አልተናገረም። እንደ ታይፒስት ፈጣን ነበርኩ፤ ጣቶቼን እንደገና ለማስለመድ ግን ወራት ፈጀብኝ። ከሌሎቹ ሰልጣኞች በፊት ዋናውን ነገር የተረዳሁት ግን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቁጥር መስሎ መታየትና ቁጥር መሆን የተለያዩ ናቸው።

ከዚያ አብሬያቸው ማስተማር ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በረዳትነት፣ በኋላ በራሴ ክፍል። የአቶ ነስሩ አሠራር እንዲህ ነበር። ተማሪ ኮዱን ጽፎ ከማስነሳቱ በፊት ምን እንደሚወጣ በአፉ መናገር አለበት። ከሰሌዳው ላይ በእያንዳንዱ እሴት ፊት ቆመው "ስንት ነው?" አይሉም፤ "ምን ዓይነት ነው?" ነው የሚሉት። አምስትን ለብቻው ይጽፋሉ፤ ቀጥለው አምስትን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይጽፋሉ።

"ይኼ ቁጥር ነው። ይኼ ደግሞ የቁጥር ስም ነው። ስሙን ከራሱ ጋር ብንደምር?"

"ዐሥር!" ይላል ክፍሉ።

ማሽኑ ሃምሳ አምስት ያወጣል። ጽሑፍ ሲደመር ጎን ለጎን ይገጣጠማል እንጂ አይጨምርም። ልጆቹ ይሥቃሉ። ከቁልፍ ሰሌዳው የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ዕድሜም ይሁን ክብደት፣ ወደ ፕሮግራሙ የሚደርሰው ጽሑፍ ሆኖ ነው። ጽሑፉን ሙሉ ቁጥር የምታደርገው ኢንት የምትባል አጭር ትእዛዝ ናት። እሷም ጠባይ አላት። ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝን ሰጥተው ሙሉ ቁጥር አድርጊ ቢሏት ስልሳ ዘጠኝ ትላለች እንጂ ሰባ አትልም፤ ትቆርጣለች እንጂ አታጠጋጋም። "ቲቸር፣ ማርኬን በላችው" ያለ ተማሪ ነበረን። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሌላ ልጅ ደግሞ ፩ ብሎ በግዕዝ አኃዝ አስገብቶ ፕሮግራሙን አስቁሞታል። አቶ ነስሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሲሥቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ፕሮግራም ሲሠራ ሦስት ዓይነት ነገር ያስገቡበት ነበር፤ ጤነኛ፣ ባዶ፣ እብድ ይሏቸዋል። ጤነኛው የሚጠበቀው ነው። ባዶው ምንም ሳይጻፍ መቀጠል ነው። እብዱ ክብደት ሲጠየቅ "ማንጎ" ብሎ መመለስ ነው። ሦስቱን ያለፈ ሥራ ላይ ይፈርማሉ። ፊርማቸውን ያየ ሌላ ሰው ደግሞ አይፈትሽም።

ታደለች የምትባለዋ ተማሪ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የበዴሳ አካባቢ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ከመጻፏ በፊት ረጅም ጊዜ ስክሪኑን የምታይ። ለመመረቂያ ሥራዋ የራሷን ሐሳብ ይዛ መጣች። በዴሳ ያሉ የከብት አድላቢዎች ማኅበር የደለቡ በሬዎችን ያወዳድራል፤ ከብቶቹ ሲመዘኑ ስምና ክብደት የሚቀበል፣ ወዲያው ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ልሥራ አለች። ማኅበሩም ደስ አለው። ውጤቱን በትልቅ ቴሌቪዥን እናሳያለን አሉ።

ሥራው ጥሩ ነበር። አቶ ነስሩ ያለፈውን ዓመት የበሬዎች ክብደት አስገብተው ፈተኑት፤ ሁሉንም በትክክል ደረደረ። ባዶ አስገቡ፤ እንደገና ጠየቀ። "ማንጎ" አስገቡ፤ "ቁጥር ብቻ" አለ። ታደለች የገባው ሁሉ አኃዝ መሆኑን የሚፈትሽ መስመር ጽፋ ነበር። እኔም አየሁት። አቶ ነስሩ ፈረሙ።

በውድድሩ ቀን ሦስታችን ከሶዶ በሚኒባስ ሄድን። ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። በብረት አጥር መካከል ሚዛኑ ተተክሏል። በሬዎቹ ቆዳቸው እስኪያብረቀርቅ ታጥበው ቀርበዋል፤ በዚህ አገር በሬ ማደለብ ምን ያህል ክብር እንዳለው ለወላይታ ሰው አይነገርም። የአንደኛው ሽልማት ድቅል ጊደር ነበረች። ከመድረኩ አጠገብ ታስራ ሣር ትበላለች፤ ከበሬዎቹ ይልቅ እሷን የሚያየው ሰው ይበዛ ነበር።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። ማርታ ይባላሉ፤ መንደሩ በወላይታ ቋንቋ፣ በወላይታቶ፣ እናትን እንደምንጠራው አዬ ማርታ ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያቀረቡት በሬ ሳይሆን ኮርማ ጥጃ ነው። ደንቡ አባል የሆነ ሁሉ የሚያደልበውን ማቅረብ ይችላል ስለሚል አልተከለከሉም። ስንት ደረሰ የሚለውን ለማወቅ ብዬ ነው ያመጣሁት ሲሉ ሰምቻለሁ። ተመዘነ፤ ዘጠና ስድስት ኪሎ። ታደለች መዘገበችው።

ሁሉም ተመዝኖ ሲያበቃ ታደለች ቁልፉን ነካች። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ወጣት ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ከላይ ያለውን ስም ብቻ አነበበ።

"አንደኛ! ወይዘሮ ማርታ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። የማን በሬ እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ሴት ማሸነፏ ብቻ በቂ ነበር። አዬ ማርታ መጀመሪያ አልሰሙም። ጎረቤታቸው ገፋ ሲያደርጓቸው ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የጊደሯን ገመድ ፈትተው በእጃቸው አስያዟቸው። አሮጊቷ የጊደሯን ጀርባ ዳበሱ። ፎቶ ተነሡ።

ያኔ ከበሬ ባለቤቶቹ መካከል አንዱ ቴሌቪዥኑን እያሳየ ጮኸ። "ዘጠና ስድስት ኪሎ! የኔ በሬ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ነው! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይኼ?"

ሰው ወደ ስክሪኑ ዞረ። ቀጥሎ ጥጃውን አየ። ሣቁ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ሜዳውን ሞላው። አዬ ማርታ በሣቁ መካከል ገመዱን እንደያዙ ቆመው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኛ መጡ። "ጥጃውን አጥፉትና እንቀጥል" አሉ። ቢጠፋ የቀሩት በትክክል ተደርድረው ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው በእውነትም ትልቁ በሬ ነው። አቶ ነስሩ ግን እንቢ አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከታደለች ጀርባ ቆሙና ኮዱን እንደ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥተው አነበቡ።

"ታደለች፣ ክብደቱ ምን ዓይነት ነው?"

በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጽሑፍ" አለች።

አኃዝ መሆኑን ፈትሻለች እንጂ ወደ ቁጥር አልለወጠችውም። ስለዚህ ማሽኑ እንደ ቃል ነው ያወዳደራቸው፤ የመጀመሪያዋን ምልክት ከመጀመሪያዋ ምልክት ጋር። ዘጠኝ ከአራት ይበልጣል፤ አለቀ፤ የቀረውን አላየም። በሬዎቹ ሁሉ ባለ ሦስት አኃዝ ስለነበሩ በእነሱ መካከል በቃል ማወዳደርና በቁጥር ማወዳደር አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። አቶ ነስሩ ያስገቡት ጤነኛ ሁሉ የበሬ ክብደት ነበር። ጥጃ ማንም አላሰበም።

ታደለች ኢንት የምትባለዋን ጨመረች። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ ማርታ የሚለው ስም ከታች ሄደ።

አቶ ነስሩ ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። "ስሕተቱ የሚዛኑ አይደለም፤ የማኅበሩም አይደለም። የእኛ ነው። ፈትሼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። ወጣቱ ወደ ወላይታቶ ተረጎመው። ሊቀ መንበሩ ወደ አዬ ማርታ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። አሮጊቷ ገመዱን አላቀበሏቸውም፤ እጃቸውን ከፈቱና መሬት ላይ ለቀቁት። ከዚያ ጥጃቸውን ፈትተው እየነዱ ሄዱ። ማንም አልሸኛቸውም።

ታደለች ከዚያ በኋላ ክፍል አልመጣችም። መምህራኑ ተሰብስበው ሥራዋ ይውደቅ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የኮሌጁን ስም አጥፍታለች ተባለ። አቶ ነስሩ በስብሰባው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ፊርማው የኔ ነው። እሷ ስትወድቅ እኔ ምን እንደምሆን አብራችሁ ወስኑ።"

ረጅም ክርክር ሆኖ በመጨረሻ ሥራውን እንደገና ሠርታ እንድታቀርብ ተወሰነ፤ በዚያ ዓመት ግን አትመረቅም። ውሳኔውን ልንነግራት እኔና እሳቸው በዴሳ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄድን። ሰምታ ስታበቃ፣ "እሺ" አለች። ከዚያ፣ "መጀመሪያ ግን አሮጊቷ ጋ ልሂድ" አለች። ሞተር ተከራይተን አብረናት ሄድን።

አዬ ማርታ ቤታቸው ከእንሰቱ ጀርባ ነው። እንግዳ ናችሁ ብለው አስቀመጡን፤ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡ። አቶ ነስሩ ወላይታቶ አይችሉም፤ እኔም ታደለች ትናገር ብዬ ዝም አልኩ። ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀች። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

"ይቅርታውን እኚህ ሰውም በድምፅ ማጉያ ተናግረዋል። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ያ ዕቃ ጥጃዬን ከበሬ ያስበለጠው ለምንድን ነው?"

ታደለች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ እንግሊዝኛ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ማስረዳት ነበረባት። ሁለት ጊዜ ጀምራ አቆመች።

"አልመዘነም፣ አዬ" አለች በመጨረሻ። "ሚዛኑ መዘነ፤ ትክክል ነው። ለዚያ ዕቃ ግን የደረሰው ክብደቱ አይደለም፤ የክብደቱ ስም ነው። ስሞቹን አሰለፈ። የጥጃዎ ክብደት ስም በዘጠኝ ይጀምራል፤ የበሬው በአራት። የትኛው እንደሚከብድ አላወቀም።"

"ካላወቀ ታዲያ አንደኛ ብሎ ለምን ተናገረ?"

"እሱ አላለም። አንደኛ የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ከሜዳው ቆሜ ስም አውጥቼላት ነበር፤ ለጊደሯ" አሉ አሮጊቷ። ምን ብለው እንዳወጡ ማንም አልጠየቀም። ታደለች አለቀሰች። አዬ ማርታ አላለቀሱም፤ ጎደሬውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ስንወጣ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙን።

ጊደሯን የሰጣቸው የለም። ማኅበሩም በተከታዩ ዓመት እኛን አልጠራም፤ ደረጃውን በቃል ወደ መናገር ተመለሰ። ታደለች ሥራዋን እንደገና ሠርታ አቀረበች። በዚያኛው ክብደቱ ከቁልፍ ሰሌዳው እንደገባ ወዲያው ቁጥር ይሆናል፤ ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም። "እንግዳ ማንነቱን የሚጠየቀው በር ላይ ነው" የሚለውን አባባል አቶ ነስሩ ከዚያ በኋላ ነው ማዘውተር የጀመሩት። ከጤነኛ፣ ከባዶና ከእብድ ቀጥሎ አራተኛ ፈተና ጨመሩ፤ ትንሽና ትልቅን አብሮ ማስገባት። ስለዚያ ቀን ግን ተማሪዎች ፊት አንስተው አያውቁም። በኋላ ጡረታ ወጥተው ጅማ ገቡ። በበዓላቸው ቀን እደውልላቸዋለሁ፤ የምናወራው ስለ ጤና ነው።

ታደለች ተመርቃ ሶዶ ኮፒ ቤት ስትሠራ ቆየች። ኮሌጁ ረዳት ሲፈልግ ተወዳደረች፤ ከረዳትነት አስተማሪ ሆነች። ዓመታት አብረን ሠራን። ታስተምራለች፤ ትቆጣለች፤ ብዙ አትሥቅም። በበዴሳው ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም። ተማሪ "ቲቸር፣ ይሠራል እኮ" ሲላት፣ "ለማን?" ትለዋለች።

ባለፈው ዓመት የማኅበሩ አዲስ ኃላፊዎች ኮሌጁን እንደገና ጠየቁ። ታደለች ተማሪዎቿ እንዲሠሩት ተስማማች፤ አንድ ነገር ግን አስቀድማ አለች። ፕሮግራሙ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ከብት አቅራቢዎቹ ራሳቸው እዚህ ክፍል መጥተው ይሞክሩት። ኃላፊዎቹ ገበሬ ኮምፒውተር ክፍል ምን ያደርጋል ብለው አንገራገሩ። እሷም ካልመጡ አልሰጥም አለች። መጡ።

የኔ የመጨረሻ የሥራ ሳምንት ነበር። ጎልማሶችና ሽማግሌዎች፣ ጥቂት ሴቶችም፣ ጭቃቸውን በሩ ላይ አራግፈው በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ተማሪዎቹ አጠገባቸው ሆነው የሚሏቸውን ያስገባሉ። የከብትዎ ክብደት ሲባሉ አንዱ፣ "ሁለት መቶ ከምናምን" አለ። ሌላው፣ "ገና አልተመዘነም፤ ግን ከወንድሜ በሬ ይበልጣል" አለ። አንዲት ሴት የሁለት በሬዎቿን ድምር ተናገረች፤ አብረው ነው የሚበሉት ብላ። ፕሮግራሙ በየቦታው ይቆማል፤ ልጆቹ ወዲህና ወዲያ ይሯሯጣሉ። ታደለች በክፍሉ መሃል ቆማ ታያቸውና ትሥቅ ነበር፤ እንባዋ እስኪመጣ።

አንድ ሽማግሌ ተማሪ ስላልደረሳቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስማቸውን ጻፍኩ። ክብደቱን ጠየቅኳቸው።

"እንደ አምናው" አሉ።

የተናገሩትን እንዳለ ጻፍኩት። ልጆቹ መልእክቱን በወላይታቶ አድርገውት ነበር። "አልገባኝም፤ እባክዎ ደግመው ይንገሩኝ" የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ አነበብኩላቸው።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገሩ ከፍ ባለ ድምፅ፣ "እንደ አምናው!" አሉት።